ከአሥራ ሁለት የሚጀምረው ሙሴ ሩፋኤል

ሙሴ ሩፋኤል መሞቱን የሰማሁት ደብረ ብርሃን ገበያ በግ ስመርጥ ነው። ወሬውን ያመጣው ሰይድ ነው፤ ከባሕር ጠረፍ ጨርቅና ጨው እያመላለሰ የሚነግድ የዓልዩ አምባ አርጎባ፣ አንኮበር ከነበርሁበት ጊዜ ጀምሮ የማውቀው።

«ያ ጥፍራም ፈረንጅህ ሞተ እኮ» አለኝ፣ የያዝሁትን በግ ላት በእጁ እየመዘነ። «አዋሽን ተሻግረን በረሃውን እንደጀመርን ንዳድ ጣለው። ብዙም አላቆየው። እዚያው ድንጋይ ከምረንበት አለፍን። የአላህ ነገር።»

በጉን ለቀቅሁት። ሰው ሲሞት የሚደረገውን አውቃለሁ፤ እንጀራዬም ነው። ለዘመድ ይለቀሳል፣ ለክርስቲያን ፍትሐት ይፈታል፣ ተዝካር ይወጣል። ለሙሴ ሩፋኤል ከዚህ የትኛው እንደሚደረግ ግን ጠፋኝ። ዘመዴ አይደለም። ክርስቲያን ነኝ ይላል፤ ሃይማኖቱ ግን የኛ አይደለም። መምህሬ ነበር እንዳልል፣ ምን አስተማረህ ብትሉኝ አፌን ከፍቼ እቀራለሁ። «እግዚአብሔር ያጽናህ» የሚለኝም አይኖርም፤ ምኔ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለማ። እዚያው በበጎቹ መሐል ቆሜ አለቀስሁ። ሰይድ በበጉ ዋጋ የተከፋሁ መስሎት ባለበጉን «ቀንስለት እንጂ» ብሎ ተቆጣው።

እንግዲህ ሰውየውን እንደማውቀው ላውጋችሁ። ግራ እንደገባኝ የኖርሁበት ነገር ነውና ግራ ቢገባችሁ አትፍረዱብኝ።

ንጉሡ ገና አንኮበር ሳሉ ነው። ጠመንጃ የሚጠግኑ፣ እንጨት የሚጠርቡ ፈረንጆች በየጊዜው ከበረሃው እየወጡ ይመጡ ነበር። ሙሴ ሩፋኤል ከነዚያ አንዱ፣ ጠመንጃ ጠጋኝ ነው። አገሩ እስጳንያ ነው። የእውነት ስሙ ወደ ሩፋኤል የሚጠጋ ሌላ ስም ነበር፤ አንኮበር አቃናችለት። «ሙሴ» ያን ጊዜ ፈረንጅ ሁሉ የሚጠራበት ነው። ሌሎቹ ፈረንጆች ከቤተ መንግሥቱ ሥር ቤት ሲለምኑ እሱ ወርዶ ቀጥቃጮች ሰፈር ገባ። የሰማ ሁሉ አማተበ። በኛ አገር ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላል፤ ማረሻህን ይሠራልሃል፣ ማዕዱን ግን አትቀምስም። ፈረንጁ ደስታ ከሚባል ቀጥቃጭ ግቢ ጎጆ ይዞ፣ ከደስታ ጋር እየበላና እየጠጣ ተቀመጠ። በዚያ ላይ የቀኝ እጁን ጥፍሮች አሳድጎ በሞረድ ያስተካክላቸዋል፤ የግራዎቹ ግን እስከ ሥጋው የተቆረጡ ናቸው። «ቡዳ ከሆነም በአንድ እጁ ብቻ ነው» ይሉ ነበር ሴቶቹ።

አማርኛውን የለቀመው ደስታ ሚስቱን ወርቄን ሲያዝ እየሰማ ነው። ስለዚህ ሰውን ሁሉ እንደ ወርቄ ነበር የሚያናግር። ጢማሙን ዘበኛ «ነይ»፣ ቄሱን «ተቀመጪ» ይላል። ሰው ይስቃል፤ እሱም ለምን እንደሚስቁ ሳያውቅ አብሮ ይስቃል። ከዚህ ሌላ አጣርቶ የሚያውቃት «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» የምትለውን ብቻ ነው። ወደ ደጋው ሲወጣ በየደጁ እንዲላት አስጠንተውት፣ እሱ ግን በቀትርም ይላታል፤ ለወርቄም ይላታል፤ ከጎጆው ወጥቶ ሲመለስም ይላታል።

እኔ ያን ጊዜ የማርያም ደብተራ ነኝ። ዜማውንም አቋቋሙንም ተምሬ፣ ነገ መሪጌታ እሆናለሁ ብዬ የምጠብቅ ሰው ነበርሁ። በአስተርእዮ ማርያም ማኅሌት ቆመን ሳለን ከቅጽሩ ውጭ አየሁት። ሌላ ፈረንጅ ሲመጣ ካባውንና ከበሮውን ነው የሚያየው። ይህ ዓይኑን ጨፍኗል። የመቋሚያችንን አወራረድ በጣቱ ጭኑ ላይ ይመታል። አንዱ ጓደኛዬ ትንሽ ቢያዘገይ ግንባሩን ቋጠረ።

ስንወጣ መንገድ ላይ ጠበቀኝ። ጢሜን እያየ «አንቺ ትጠብቂያለሽ» አለኝ። «ነይ።»

«ምኑን ነው የምጠብቀው?»

«ነይ» አለ እንደገና።

ለምን እንደሄድሁ ዛሬም አላውቅም። ለሰው ክታብ የምጽፍ ደብተራ፣ ለራሴ ክታብ ጽፌ አንገቴ ላይ አስሬ፣ በማግስቱ ሥራ ሲፈታ ቀጥቃጮች ሰፈር ወረድሁ። ወርቄ አንገቴ ላይ ያለችውን ክታብ አየቻትና «አይዞህ፣ ዛሬ ሰው አንበላም፣ ረቡዕ ነው» አለችኝ።

ሙሴ ሩፋኤል ከፍየል ቆዳ ከረጢት አንድ ዕቃ አወጣ። ወገቡ የጠበበ የእንጨት ገላ ነው፤ መሐሉ ላይ ክብ ቀዳዳ አለው፤ አንገቱ ረጅም ነው፤ ስድስት አውታር ተዘርግቶበታል። «ጊታራ» አለኝ። ከዚያ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ መታ። እኔ በገና ሲደረደር አድጌያለሁ፤ ክራርም በሰርግ ሰምቻለሁ። እንደዚህ ያለ እጅ ግን አላየሁም። አውራ ጣቱ ከታች ከባዱን ሲቆፍር ይቆይና፣ የተቀሩት ጣቶች የተጨበጠ እህል እንደሚበትን ሰው ድንገት ይዘረጋሉ። ፊቱ ተለወጠ። ያ የሚስቀው ሰውዬ ጠፋና አስከሬን አጠገብ የተቀመጠ ሰው ፊት መጣ። እዚያው ላይ አቆመው፤ ልክ እግሩን አንሥቶ ሊረግጥ ሲል እንደቆመ ሰው።

«ጨርሰው እንጂ» አልሁት።

«ሰው የለኝም» አለ፤ ጊታራውንም ወደ ከረጢቱ መለሰ።

«ስሙ ማን ነው ይህ ዜማ?»

በቋንቋው ነገረኝ። አማርኛውን ፈልጎ ሲያጣ፣ ጎጆ ውስጥ ኩርምት ብሎ ብቻውን የተቀመጠ ሰው በእጁ አሳየኝ። ብቸኝነት ማለቱ ነው።

«ታዲያ ብቻህን ምታው።»

«ብቻዋን አትወጣም» አለ። «አንዷ ትመታለች፣ አንዷ ትጠብቃለች። ጠባቂ ከሌለች አትጨርሺ።»

መጠበቅ የሚለው ምቱን መያዝን ነው፤ በጭብጨባም ይሁን በዱላ፣ መቺው ቢሮጥም ቢዘገይም ሳይናወጡ መያዝን። ቀሪውን ታሪክ ቀስ በቀስ፣ ደስታ እያገዘው ነው የነገረኝ። በአገሩ ይህን ዜማ የሚያውቁት ሒታኖ የሚባሉ ቀጥቃጮች ናቸው። ከሩቅ የመጡ ናቸው እየተባለ ሰው አይጠጋቸውም። እሱ የዘይት ነጋዴ ልጅ ነው፣ ወገናቸው አይደለም። ወናፋቸው አጠገብ ተቀምጦ እንዲያጨበጭብ ፈቀዱለት፤ ጊታራ እስኪያስነኩት ግን ጢም አወጣ። ያስተማረው ሽማግሌ አንድ ነገር አስማለው፤ የሚጠብቅልህ ሰው ሳይኖር ይህችን ዜማ እንዳትጨርስ ብሎ። ሽማግሌው ሞተ። ሩፋኤል ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜም አልጨረሳትም።

«አገርህ ብትመለስስ? እዚያ ጠባቂ አታጣም።»

«እዚያም እንግዳ ነኝ» አለኝ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው።

የሱ ጉዳይ ይኸው ነው፤ ከመሞቱ በፊት አንድ ጊዜ ሊጨርሳት። ቀጥቃጮች ሰፈር የገባውም መዶሻ ሰምቶ ነው። ደስታን ሞክሮት አልሆነም። «ደስታ አትሰማም» አለኝ፤ «ብረት ብቻ ትሰማለች።» የኔ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነበር። እኔ የምፈልገው ራሴ ልመታት ነው። ሁለታችን ለሁለት ነገር ተገናኝተን፣ እያንዳንዳችን ሌላው የተስማማ መስሎን ተቀመጥን።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። ጠመንጃ በሚጠግንበት ጠረጴዛ ላይ በጣቱ አንጓ ይመታል። ምቱ አሥራ ሁለት ነው። ሦስተኛው ይከብዳል፣ ስድስተኛው ይከብዳል፤ ከዚያ ዝናብ እንደመጣበት ሰው መንገዱን ያሳጥርና ስምንተኛው፣ አሥረኛው፣ አሥራ ሁለተኛው ላይ ይከብዳል። ይህን መያዝ ለአቋቋም ተማሪ ምኑ ይቸግራል ብዬ ከአንድ ጀመርሁ። «ገና» አለኝ። ከሁለት ጀመርሁ። «ገና።» ታዲያ ከየት ነው የሚጀምር ስለው «ከአሥራ ሁለት» አለኝ።

«አሥራ ሁለት መጨረሻው ነው እኮ።»

«አዎ» አለ ደስ ብሎት፤ «ከመጨረሻዋ።»

ያን ዕለት ሰውየው እያላገጠብኝ ነው ብዬ ወደ ቤቴ ሄድሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ተመለስሁ። አጥብቄ ስለምነው ጊታራውን ጉልበቴ ላይ አኖረልኝ። እኔም በገና እንደሚደረደረው፣ ረጋ አድርጌ አንድ በአንድ ነካኋቸው። እንባው እስኪወርድ ሣቀ። ወርቄን ጠራትና «ነይ፣ ስሚ፣ ትጸልያለች» አላት። ከዚያ ቀምቶኝ ሰቀለው። ተናደድሁ። ማመስገን ይሁን መስደብ የማይለይ ሣቅ ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ወሬው የኔታ ዘንድ ደረሰ። የኔታ ዜማ ያስተማሩኝ፣ በገና የሚደረድሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ማንንም አይምርም። የደረሳቸው ወሬ ደብተራው በጾም ከቀጥቃጭ ቤት ክራር ይመታል የሚል ነው። ይህ ቀላል ክስ አይደለም። በገና የዳዊት ነው፤ በጾም ቢደረደር ጸሎት ነው። ክራር የዘፈን ነው፤ የሰይጣን ነው የሚሉም አሉ። በገና ከሆነ ምንም አይደል፤ ክራር ከሆነ መሪጌታነቴ ቀረ። ጊታራ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሊለዩ ሁለታችንንም አስጠሩን።

«ስንት አውታር ነው ያለው?» አሉ።

«ስድስት።»

«በገና ዐሥር ነው።» ፊታቸው ከበደ። «እንግዲያው ክራር ነዋ።»

«ተይ፣ ስሚ» አላቸው ሙሴ ሩፋኤል።

የኔታን «ተይ» ያለ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ተማሪዎቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። እሱ ግን ማንንም ሳያይ ዕቃውን አውጥቶ መታ። እንደ ልማዱ እዚያች ቦታ ሲደርስ አቆመ። የኔታ ራሳቸውን አዘንብለው ቀሪውን ጠበቁ፤ አልመጣም።

«ምነው፣ ይጨርሰው እንጂ።»

«ሰው የለኝም» አላቸው።

ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቁኝና ስለ ሽማግሌው፣ ስለ መሐላውና ስለ ጥበቃው ነገርኋቸው። መሐላ ያለበት ነገር መሆኑ ሳይከብዳቸው አልቀረም።

«እንግዲህ በገናም አይደል፣ ክራርም አይደል» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ ያለውን አባቶች አልጻፉልንም። ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ደግሞ በጾም አይቀመስም። ይሰቀል፤ ለትንሣኤ ይወርዳል።» ወደኔ ዞሩ። «አንተ ግን መቋሚያህን አልከለክልህም። ከበሮና ጸናጽል በሁዳዴ ያርፋሉ፤ መቋሚያ አያርፍም። ጥበቃ የምትሉትን በሱ ተማረው።»

ስለዚህ ጊታራው ጎጆው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ እኛም ከሥሩ ተቀመጥን። እሱ በአንጓው ጠረጴዛውን፣ እኔ በመቋሚያዬ መሬቱን። አውታር የሚባል ነገር ሳይነካ ጾሙ ተጋመሰ። እኔ የመጣሁት ልመታ ነው እንጂ መሬት ልወጋ ነው ወይ እለዋለሁ። «ተይ፣ ጠብቂ» ይለኛል። አንዳንዴ በመሐል እጁን ያነሣና ዝም ይላል፤ እኔ ብቻዬን እቀጥላለሁ። ዝምታው ውስጥ ዜማው ለሱ ይሰማዋል፣ ለኔ አይሰማኝም። ባለቤቱ የማይገባበትን ቤት የምጠብቅ ዘበኛ የሆንሁ መሰለኝ።

ሰሞነ ሕማማት ላይ ነው የሆነው። በዚያ ሳምንት ፀሐይ ሳትጠልቅ እህል አይቀመስም። ስሰግድ ውዬ ወረድሁ። መቋሚያዬን እያወረድሁ ዓይኔ ግን ደጅ ካለው ጥላ ላይ ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰዓት መቼ ሞልቶ እቀምሳለሁ እያልሁ። ለጾመኛ ቀኑ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው፤ ጠዋቱም ቀትሩም ወደዚያች ሰዓት መሄጃ መንገድ ነው። ይህን እያሰብሁ ሳለ እጄ ከአሥራ ሁለት ጀምሮ አገኘሁት። አላዘዝሁትም። ሙሴ ሩፋኤል አንጓውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ዓይኔን አየኝ። «ገና» አላለም። እኔም ልጠይቀው ፈራሁ፤ ብጠይቀው የሚጠፋ መስሎኝ።

የትንሣኤ ማግስት ጊታራውን ልናወርድ ሄድን። ከረጢቱ ሲከፈት አውታር የለም። አይጥ ጾም አያውቅም፤ ከአንጀት የተሠራውን አውታር በልቶ ጉማጁን ትቶታል። ሩፋኤል ባዶውን ዕቃ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጉማጁን በጥፍሩ ነካካ። ትርፍ አውታሩ በረሃው ላይ ጠፍቶበታል፤ ከአገሩ ለማስመጣት ዓመት አይበቃም። ከዚያ «አሁን ሰው አለኝ» አለ፤ ወደኔም ወደ ባዶው አንገትም እያየ። እንዲህ ያለ ሐዘን ሌላ ጊዜ አይቼበት አላውቅም።

ሮጬ ለየኔታ ነገርሁ። ስቀሉት ያሉት እሳቸው ናቸውና ፊታቸው ጨለመ። የታረደላቸውን የፋሲካ በግ አንጀት አስመጡ። የበገና አውታር እንደሚሠራው አሳጥበው፣ አስፍቀው፣ በዚያ በደከመ ዓይናቸው ራሳቸው እየዳሰሱ አከረሩት። ሲደርቅ ስድስቱን መርጠው ሰጡኝ። «ከዚህ ወዲያ ምን እንደሚባል እኔንም ግራ ገብቶኛል» አሉ። «በል ውሰድለት።»

ደስታ ለወፍራሞቹ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ስቦ ጠቀለለላቸው። ሙሴ ሩፋኤል አስሮ ቃኘውና አንዱን ነካ። እንደ ድሮው ጥርት ያለ ድምፅ አልወጣም፤ እንደ በገና አጉረመረመ። እኔ ሊያዝን ነው ብዬ ፊቱን አየሁ። «ትጸልያለች» አለ ቀስ ብሎ፤ በዚህ ጊዜ አልሣቀም።

ከዚያ መታ። እኔ መቋሚያዬን ያዝሁ። ደስታ መዶሻውን አስቀመጠ፤ ወርቄ ከበሩ ላይ ቆመች። ያ ቦታ ደረሰና አቆመ። እኔ አላቆምሁም። አንድ ዙር ብቻዬን ዞርሁ። ልቤ ይመታል፤ የልቤን ምት ተከትዬ እንዳልስት እጄን አጥብቄ ያዝሁት። ሁለተኛው ዙር አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ እሱ ገባ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዜማ ያን ዕለት ብቻ ነው የሰማሁት። ልናገረው ብል አልችልም። ስሟ ብቸኝነት ነው ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን በዕድሜዬ እንደዚያ ዕለት ብቻዬን ያልሆንሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጨረሰ።

እኔ ምርቃት ጠበቅሁ። በኛ ዘንድ ተማሪ አንድ ነገር ሲዘልቅ መምህሩ ይመርቀዋል። እሱ መቋሚያዬን ዳሰሰና «አሁን አንቺም እንግዳ ነሽ» አለኝ።

ቅር አለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ መሬት ወግቼ፣ መሪጌታነቴን ለአደጋ ሰጥቼ፣ መጨረሻው ባዕድ መባል ነው? ለሁለት ቀን ኮርፌ ቀረሁ። በኋላ ግን እሱም ራሱን የሚጠራው በዚሁ ስም መሆኑ ትዝ አለኝ። ከነዚያ ቀጥቃጮች ያገኘው ትልቁ ማዕረግ ይኸው ይሆን? ወይስ «ከደጅ አታልፍም» ማለቱ ነበር? ስጠይቀው «ጠብቂ» ብሎ ወደ ጠመንጃው ተመለሰ።

ክረምቱን አውራ ጣቴን እያረመ ጥቂት አስመታኝ፤ እጄ ግን እስከ መጨረሻው እንደጸለየ ቀረ። ሲበጋ ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ወጣ፤ ጠመንጃውም ሰውም ተከተለ። ሙሴ ሩፋኤል አልሄድም አለ። ከሰይድ ሲራራ ነጋዴዎች ጋር ወደ ባሕሩ ሊወርድ ተነሣ። እስከ ዓልዩ አምባ ቁልቁለት ሸኘሁት። ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ፊታችን ላይ ነው። ጥቂት ከወረደ በኋላ ዞሮ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ጮኸ፤ ሣቀና ሄደ። እኔም አንኮበር ሰው ሲያልቅባት ወደ ደብረ ብርሃን መጣሁ። መሪጌታ ሆኛለሁ።

ገበያው ውስጥ እንባዬን ጠርጌ ሰይድን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። መንገድ ላይ መትቶ ነበር ወይ አልሁት።

«ይመታ ነበር እንጂ» አለ። «በሰፈርንበት ሁሉ ይጀምራል፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ያቆማል። ጨርሰው ስንለው የሚጠብቅልኝ ሰው አንኮበር ቀረ ይለናል። ንዳዱ ይዞት እንኳ ጀምሮ አቆመ። እኛ የሚጠብቅ ሲል ዘበኛ መስሎን፣ ሌሊቱን አንድ ሰው ከነጦሩ ደጁ ላይ አቆምንለት።»

በጉን ሳልገዛ ወደ ቤቴ ሄድሁ። መቋሚያዬን ከተደገፈበት አንሥቼ ደጃፌ ላይ ተቀመጥሁ። እንደ ድሮው ሦስተኛው ላይ ከበድሁ፣ ስድስተኛው ላይ ከበድሁ፣ መንገዱን አሳጠርሁ። የሚያቆምባት ቦታ መጣች፤ አላቆምሁም። ባለቤቴ ብቅ ብላ አየችኝና ተመለሰች። አንድ ዙር ብቻዬን ዞርሁ። ሁለተኛው ዙር አሥራ ሁለት ላይ ደረሰ፤ የገባ የለም። ከዚያው ከአሥራ ሁለት ጀመርሁ።